ከሸንተረሩ ወደ ሸለቆው

ኦክቶበር ሲጋመስ ቅዳሜና እሁድ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣው መኪና ለጉድ ነው። ቅጠል ለማየት ሁሉም ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እኛ ግን ግርግሩን ሸሽተን ሰኞ ሄድን። ወዳጄ ይነዳል፤ የኔ ሥራ ማየት ብቻ ነው።

ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ የብሉ ሪጅ ተራሮችን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። በሰሜን ከፍሮንት ሮያል ይነሳና በደቡብ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 105 ማይል ነው፤ ወደ 169 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። ወዳጄ መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር አናደደው።

«በዚህ አነዳድ እኮ ዛሬ አንደርስም» አለኝ።

«የት?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን አላነሳብኝም።

በስተምዕራብ ባሉት መቆሚያዎች ሲቆሙ ሸለቆው ከነወንዙ ይታያል። ወንዙ ለመሄድ የማይፈልግ ይመስል እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። ሸለቆውን መሀል ለመሀል የሚከፍለው ረጅም ተራራ ማሳኑተን ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና ወደ መኪናው ይሮጣል። እኔን የያዘኝ ግን እግሬ ሥር የወደቀ የሜፕል ቅጠል ነበር። ደማቅ ቀይ ነው፤ ጥግ ላይ ብቻ ቢጫ ቦታ አለው። ቢጫው የሌላ ቅጠል ቅርጽ አለው። ዛፉ ላይ እያለ ሌላ ቅጠል ጥላ ጥሎበት ኖሯል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል መተካት ያቆማል። ቢጫው ድሮም እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ቀዩ ግን አዲስ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር የሚሠራው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ ለዚያም ፀሐይ ይፈልጋል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱም ውርጭ ሳይጥል ቀዝቃዛ የሆነበት ዓመት ቀዩ ይበረታል። ጥላ ያረፈበት ቦታ ቀዩን ሳይሠራ ይቀራል። ለወዳጄ ይህን ሁሉ ሳስረዳው «እሺ ፕሮፌሰር» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ስካይላንድ አካባቢ መንገዱ 3,680 ጫማ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ከ1,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ብዙው ዛፍ ራቁቱን ቀርቷል። የኦክ ዛፎቹ ብቻ ቡናማ ቅጠላቸውን ሙጭጭ ብለው ይዘዋል። ቅዝቃዜው ከላይ ስለሚጀምር ቀለሙም ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ከቶርንተን ጋፕ በ211 ቁጥር መንገድ ሸለቆው ውስጥ ወዳለችው ሉሬይ ከተማ ስንወርድ ታዲያ ጊዜው ወደኋላ የሚሄድ መሰለኝ። መጀመሪያ ባዶ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ ቀይና ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ታች ስንደርስ ገና አረንጓዴ። በአንድ ቁልቁለት የበርካታ ሳምንታት ለውጥ አየን።

ደኑ ሲታይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። አይደለም። ፓርኩ በ1935 ከመቋቋሙ በፊት ብዙው ቦታ እርሻ፣ የግጦሽ መሬትና የፖም አትክልት ነበር። የቨርጂኒያ ግዛት መሬቱን ከፊሉን በስምምነት ገዛ፣ ከፊሉን በሕግ አስገድዶ ወሰደ። ወደ 500 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሱ። ዛሬም በእግር ወደ ውስጥ የገባ ሰው የድንጋይ ካብና የመቃብር ቦታ ያገኛል። ሰው በተነሳበት መሬት ላይ የበቀለ ደን ነው እንግዲህ የምናደንቀው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ከላይ ሆኖ «እንዴት ያምራል!» ማለት ትንሽ ይከብደኛል። ማማሩን ግን አልክድም።

እኔን ከጠየቃችሁ ሸንተረሩ ላይ ግማሽ ቀን ይበቃል። የቀረውን ለሸለቆው ስጡት። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ሁሉ የተደባለቀ ነው፤ ከታች ቀና ብሎ ላየው ግን እርከን እርከኑ ይለያል። ከሉሬይ በዚያው በ211 ቀጥሉና ማሳኑተንን ተሻግራችሁ ኒው ማርኬት ውረዱ። እዚያ ስትደርሱ ስልካችሁ 81 ቁጥር ላይ ሊያወጣችሁ ይሞክራል። እንዳትሰሙት፤ እሱ የከባድ መኪና መንገድ ነው። በእርሻዎችና በትንንሽ ከተሞች መሀል የሚያልፈውን 11 ቁጥርን ያዙ።