ባቦጋያ ላይ ፓድል ቦርድ ስንከራይ

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሰፈራችን ይጀምራል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል፤ ለእኛ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መንገድ በተዘጋጋ ቀን ፒያሳ ከመድረስ ባቦጋያ ሐይቅ መድረስ ይቀላል። ስለዚህ እኔና ታናሽ እህቴ ፓድል ቦርድ ለመሞከር ስንነሳ ላንጋኖ ድረስ መውረድ አላስፈለገንም።

ፓድል ቦርድ ሰው ቆሞበት በረጅም መቅዘፊያ የሚሄድበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር ያልፋል፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለ አጠቃቀሙ የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው የባሕር ዳርቻን ያሰበ ነው። አሸዋው ላይ እየተራመዳችሁ ግቡ፣ ውሃው ጉልበታችሁ ሲደርስ ውጡበት ይላል። ባቦጋያ ግን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል። ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል። ብወድቅም እግሬ መሬት ይነካል ብሎ መተማመን እዚህ አይሠራም። ለእኔ ከኪራዩ ዋጋም ከቦርዱ ዓይነትም የሚቀድመው ይህን ማወቅ ነው።

የተከራየነው ሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ ነው። የሚያከራየው ልጅ ዋጋ ሲነግረን እኔ መጀመሪያ ላይፍ ጃኬቶቹን አሳየን አልኩት። ጃኬት ልክ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ለብሳችሁ መቆለፊያዎቹን ሁሉ ታስራላችሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ይቀየር። እህቴ ቀጭን ስለሆነች የእሷን ለማግኘት ብዙ አማርጠናል። ልጁ ትንሽ ቢሰለችም አማረጥን።

ቀጥሎ ገመዱን ጠየቅሁ። ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያያይዘው ማለቴ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ባሕር አይደለም። ሞገድ የለውም፤ ገመድ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ ዛሬም አልስማማም። ሰው ሲወድቅ ከሁሉ በላይ የሚያንሳፍፈው ቦርዱ ራሱ ነው። ቦርዱ ግን ቀላል ነው። ትንሽ ነፋስ ካገኘው ዋናተኛም ላይደርስበት ይችላል። ገመዱ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ሞገድ ኖረም አልኖረም። ልጁ መጋዘን ገብቶ ሁለት ይዞ መጣ። ስለዚህ ነበራቸው ማለት ነው። ካልጠየቃችሁ ግን አይሰጧችሁም።

ቦርዶቹ በአየር የሚነፉ ነበሩ። በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ሞክሩ። ከጎደጎደ አየር ያንሰዋል፣ ስትቆሙበት መሃሉ ይሰምጣል። ከሥሩ ያለችው ክንፍ በደንብ መግባቷንም እዩ፤ እሷ ከሌለች ቦርዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መቅዘፊያው ደግሞ ሲቆም ከራሳችሁ በላይ አንድ ስንዝር ያህል መትረፍ አለበት።

ትልቁን ነገር የነገረን ግን አከራዩ ሳይሆን በር ላይ ያሉት ጥበቃ ናቸው። «ጋሼ፣ ነፋሱ መቼ ነው የሚነሳው?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ እንደ ጠዋቱ አይሆንላችሁም» አሉን።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ ቀስ እያለ ወደሚነፍሰው ነፋስ ፊታችንን አዙረን ቀዘፍን። ጉልበት እያለ ነፋሱን ተጋፍቶ መሄድ ነው፤ ሲደክም እሱ ራሱ ገፍቶ ይመልሳል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ሩቅ ከሄዳችሁ በኋላ መመለሱ ነው የሚከብደው።

አወጣጡ ላይ አትቸኩሉ። በመጀመሪያ መሃል ላይ ያለውን እጀታ ይዛችሁ ተንበርከኩ፤ እንደዚያው ሆናችሁ ትንሽ ቅዘፉ። ከዚያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው። እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ወደ ፊት፣ ጉልበት ላላ ይበል። እህቴ እግሯን ባየች ቁጥር ትንገዳገድ ነበር። ማዶ ያለውን ገደል እያየች ስትቀዝፍ ግን ቀጥ አለች። መቅዘፊያው ጎበጥ ያለ ነው፤ ሰፊው ጫፍ ወደ ፊት ያዘነብላል። የተገላበጠ ቢመስላችሁም ትክክሉ እሱ ነው።

ዳር ላይ እያለን ሆን ብለን ወደቅን። ይህን ለሁሉም እመክራለሁ። አወዳደቁ ወደ ጎን፣ ከቦርዱ ራቅ ብሎ ነው፤ ቦርዱ ላይ መውደቅ ይጎዳል። ለመመለስ ከጎን እጀታውን ይዞ፣ እግርን በውሃው ላይ እያማቱ ደረትን መጎተት ነው። ውሃው ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያስይዛል። ያንን መሃል ሐይቅ ላይ ከምታውቁት ዳር ላይ ብታውቁት ይሻላል።

4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ውሃው መሸብሸብ ጀመረ። ተንበርክከን ተመለስን። ቁመት ሲያጥር ነፋሱ የሚገፋው ነገርም ያንሳል። ከባሰ በሆድ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ ይቻላል። ቦርዱን ትቶ መዋኘት ግን በፍጹም።

ፀሐዩን አትናቁ። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ቀዝቀዝ ቢልም ያቃጥላል፣ ከውሃው ላይም ያንጸባርቃል። እጅጌ ረጅም ልብስ ከክሬም የበለጠ ጠቅሞናል። መታወቂያ በመያዣ ከጠየቋችሁ ደግሞ ቦርዱን ከመውሰዳችሁ በፊት ጭረቱን በስልክ ፎቶ አንሱት።

የእህቴ ልጅ ገና ሕጻን ነው። ከፊት አስቀምጡኝ እያለ ለመነን። በእሱ ልክ የሚሆን ጃኬት ግን ስላልነበራቸው ከአባቱ ጋር ዳር ቆየ። ማኩረፉ አልቀረም። የራሱን ጃኬት ገዝተንለት እንወስደዋለን።