ከቆረጣው አናት ላይ

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አገሩ ጋራና ሸለቆ ስለሆነ ቆረጣና ሙሌት ይበዛበታል። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፤ ሐዲዱ ለጥ እንዲል ከፍታው ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው በገረጋንቲ ይሞላል።

ግንባታው በተፋፋመበት ወቅት አንድ አስጎብኚ እሑድ እሑድ የእግር ተጓዦችን ከኮምቦልቻ ወደ የጎፍ ደን ያወጣ ነበር። መንገዱን ሄዶ ያየው በታኅሣሥ ነው። በጽዱና በወይራው መሐል የሚያልፈውን የከብት መንገድ ስልኩ ላይ መዘገበ። 14 ሰው ይዞ የወጣው ግን መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሦስት ቀን ጥሎ ባባራ ማግሥት ነው።

ወደ ሸለቆው ሲወርዱ አንድ እረኛ፣ «ጋሼ፣ በዚያ አይሂዱ፤ ተቆርጧል» አለው። ልጁ ተራራውን ማለቱ ነበር። አስጎብኚው መንገዱ መስሎት፣ «ዳር ዳሩን እናልፋለን» ብሎ ቀጠለ።

ቆረጣ ከታች ሲያዩት ያስፈራል፤ ከላይ ግን አይታይም። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ይሄዳል፣ ቁጥቋጦውም እንደነበረ ነው። ኤክስካቫተሩ የሚበላው ከሥር ስለሆነ የላዩ አፈር በሥር ተያይዞ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወጣ ብሎ ይቀራል። እዚያ ቦታ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። የዝናብ ውኃ ወደ ቆረጣው እንዳይወርድ ከአናቱ በላይ ቦይ ተቆፍሯል፤ በድንጋይና በሲሚንቶ ግን ገና አልተገነባም። ያልተገነባ ቦይ ጭራሽ ቦይ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ውኃውን ሰብስቦ እዚያው ያሰርገዋል። ከጫፉ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ፣ ከጫፉ ጋር ትይዩ የሆነ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ሁሉም ተራምደውት አለፉ።

ስድስቱ ከታች ያለውን ማሽን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ሊነሡ ተደረደሩ። ዳር ላይ የቆመው ከነመሬቱ ወረደ። ደግነቱ ጥልቅ ቆረጣ በእርከን ስለሚሠራ አራት ሜትር ያህል ወርዶ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቀረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ከዚያ የሆነው ነው፤ አራት ሰው ሊያየው ወደዚያው ጫፍ ሮጠ። ከታች ሆኖ በፉጨትና በእጁ «ተመለሱ! ተመለሱ!» እያለ ያስቆማቸው የሳይቱ ፎርማን ነው። ተጎጂውም የተነሣው በታች በኩል፣ በእርከኑ መግቢያ፣ በቃሬዛ ነው እንጂ ወደ ላይ ተስቦ አይደለም።

አፈር በሆነ ቆረጣ ላይ ከጫፉ ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል መራቅ ይገባል፤ ስምንት ሜትር ከተቆረጠ ስምንት ሜትር። ትይዩ ስንጥቅ ከታየ ከስንጥቁ ወዲያ አይታለፍም፤ ሣር የሸፈነውን በዱላ መፈተሽ ነው። ሙሌቱን በላይ ከመሻገር በሥሩ ባለው የውኃ ማሳለፊያ መሄድ ይሻላል፣ ግን ደጋው ላይ ደመና ካለ እሱም ይቅር፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ምሰሶና ሽቦ ከቆመ ደግሞ መስመሩ የተነደፈው ለ25 ሺህ ቮልት ነው። ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም፣ ሳይነኩትም ይዘላል፤ ስለዚህ የብረት ምርኩዝ ወደ ላይ አይነሣም።

አስጎብኚው ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያየው በዋዜማው ቅዳሜ ሆነ። ፎርማኑን ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር፤ የት እየተቆረጠ እንደሆነና ድማሚት የሚፈነዳው በስንት ሰዓት እንደሆነ። እረኛው ያሳየው ዙሪያ መንገድ 40 ደቂቃ ስለሚጨምር መነሻው ከ1 ሰዓት ተኩል ወደ 12 ሰዓት ከ50 ተመለሰ። ማለዳ መነሣቱን የማይወዱ ነበሩ፤ እነሱን አይወስድም ነበር።