ከጅማ ወደ ቶኪዮ፦ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት

ጅማ ተቀምጦ የጃፓን ጉዞ ማቀድ የሚከብደው በርቀቱ አይደለም። የሚያደናቅፈን የራሳችን ነገር ነው፤ ስማችን፣ ዘመን አቆጣጠራችንና ሰዓታችን።

ስም። የቪዛ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። የትኛው ይግባ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ላይ የጻፈው ፊደል በፊደል ይገለበጣል፤ ቲኬቱም፣ ሆቴሉም እንደዚያው። የባንክ ወረቀቱ አንዲት ፊደል ከለወጠ ጅማ ሳሉ ይታረም። ስህተቱ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ ወደ ጅማ መመለሻው 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የግቤ በረሃ፣ ሰኮሩ።

የልደት ቀን ላይ ብዙ ሰው 8 ይደምርና ይጨርሳል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜ 6 ከሆነች፣ በማግስቱ በሚጀምረው ዓመት እስከ 21) ግን ልዩነቱ 7 ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1982 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ዲሴምበር 29 ቀን 1989 እንጂ 1990 አይደለም። ልደት ካርድና ፓስፖርት ሊጣረሱ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው።

ፎርም እሞላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ያናድደኛል፤ ፎርሙ በነጻ የሚገኝ ነው። ጊዜ የሚወስደው የቆይታ መርሃ ግብሩ ነው፦ በየቀኑ የት እንደሚዋል፣ የት እንደሚታደር፣ የማደሪያው አድራሻና ስልክ። «ከተማ መጎብኘት» ብሎ አምስት ቀን መሙላት ጥያቄ ይጠራል። ቪዛው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ ለመግባት የሚያገለግለው 3 ወር ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድሞ ማውጣትም ኪሳራ ነው።

ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ «ሐሙስ 00፡30» ካለ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡30 ማለት ስለሆነ፣ ቦሌ መገኘት ያለበት ሦስት ሰዓት ቀድሞ ረቡዕ ማታ 3፡30 ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካለፈው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሱ ከሆነ የአገር ውስጡ በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ቲኬት ይቆረጥ፤ ለየብቻ ከተገዙ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ዕዳው የተጓዡ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይደር።

ሻንጣው ውስጥ የተቆላ ቡና ይግባ፤ ጥሬው የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋል። ቋንጣ ይቅር። የእናት ቋንጣ መሆኑ ለጃፓን ጉምሩክ ምንም አይደለም፣ ሰርተፍኬት የሌለው የሥጋ ውጤት አይገባም። የጅማ በርጩማ ጥሩ ስጦታ ነው፣ ቦታ ግን ይበላል። ካውያም አያስፈልግም፤ የጃፓን መብራት 100 ቮልት ስለሆነ የእኛ የ220 ካውያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ያገኛል፣ ለብ ይላል እንጂ አይተኩስም። የስልክ ቻርጀር ጀርባው ላይ «100-240» ካለ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ ነው።

ቲኬት ላይ ያስጨነቀን ሰዓት ግን የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ ናሪታ ሲደረስ ይክሰናል። ቶኪዮ ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ጅማ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ነው። በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት እዚያም ልክ ነው፤ ቀጫጭኖቹን ሁለት ዘንጎች መንካት አያስፈልግም።