ወገቤን ማን ለካው?

ባለፈው ወር ለእህቴ ሠርግ የምለብሰውን የሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ለማሰፋት፣ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ የሰውነቴን ልክ በስልክ ላክሁ። ልብስ ሰፊው የጠየቀኝ የትከሻዬን፣ የደረቴን፣ የወገቤን፣ የዳሌዬንና የቁመቴን ሴንቲሜትር ነበር፤ ቀጥሎም «ወገቡ ጠበቅ ይበልልሽ ወይስ ላላ?» አለኝ። በዚያው ሳምንት የሥራ ሱሪ ልገዛ አንድ መደብር ገባሁ። 8 ቁጥር የተጻፈበት ሱሪ ጭኔ ላይ ቀረ፤ 12 የተጻፈበት ዳሌዬን አልፎ ወገቤ ላይ ተንዘላዘለ፤ የሌላ አምራች 8 ቁጥር ግን ልክ ሆነልኝ። ይህን እያየሁም በመሞከሪያው ክፍል መስታወት ፊት ቆሜ፣ ጥፋቱ የገላዬ ይመስል አዘንሁ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መፈለግ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር፣ ለፋብሪካ ልብስ የጋራ መጠን ለማውጣት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ነበር፤ ከተለኩት መካከል ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልክ ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደረገ። በ1958 የወጣው የሴቶች ልብስ መጠን ደረጃ መሠረቱ ይኸው መረጃ ነበር። ከሁሉም ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ የእኔን የመሰለ ገላ ከመጀመሪያውም አልተቈጠረም።

ደረጃው በ1983 ከተሻረ ወዲህ እያንዳንዱ አምራች የፈለገውን ቁጥር ይለጥፋል። በ1958 ደረጃ 8 ቁጥር ለምትለብስ ሴት የተመደበው ወገብ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያ ልብስ ዛሬ በገበያ ላይ 00 ከሚባለው ጋር ይቀራረባል፤ ገዢዋ ትንሽ ቁጥር አይታ ደስ እንዲላት ልብሱ እየሰፋ ቁጥሩ እያነሰ መጥቷልና። ፋብሪካውም ቢሆን ንድፉን በአንዲት ሴት ቁመና ላይ ካስተካከለ በኋላ፣ ሌሎቹን መጠኖች የሚያወጣው በተወሰነ እርከን እያሰፋና እያጠበበ ስለሆነ፣ ወገቧ ቀጠን፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ ሴት ብዙ ጊዜ የሚሆናትን አታገኝም።

በሞዴሎች ላይ የሚደርሰውን ጫና በተመለከተ መንግሥታት አንዳንድ እርምጃ ወስደዋል። እስራኤል በ2012 ባወጣችው ሕግ ከመጠን በላይ የከሳች ሞዴል በማስታወቂያ እንዳትሠራ ከልክላለች፤ ፈረንሳይም ከ2017 ጀምሮ ሞዴሎች የሐኪም ማረጋገጫ እንዲይዙ አድርጋለች። ሁለቱንም እደግፋለሁ፤ መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ለቆመችው ሴት ግን አይደርሱም።

የእኛም ባህል ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው አልልም። በእናቶቻችን ዘመን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምርቃት ነበር፤ «ምነው ከሳሽ?» የሚለውም ጤና መጠየቂያ ነበር። ዛሬ በየሠርጉ «ወፈርሽ» የምትባል ወጣት የምትሰማው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰላምታችንን ከገላዋ ብናስጀምር ይቅርብን እላለሁ።

ቀሚሱ ደርሶኛል። ገልብጬ ሳየው ልብስ ሰፊው በሁለቱም ጎን ስፌት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ትቶልኛል፤ የፋብሪካ ልብስ ጨርቅ ለመቈጠብ ሲል ይህን አይተውም። እናቴ በሙሽርነቷ የለበሰችው ቀሚስም እንዲሁ ትርፍ ነበረው፤ እኔንና እህቴን ከወለደች በኋላ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ሰፍቶላታል፣ የቀድሞው ስፌት መስመርም በጎኑ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል።