ለሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ

ቤቱ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ያለበት ሰው ሰኔን በደንብ ያውቃታል። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት በንብረት ቆጠራ፣ ባልተወራረደ ሂሳብና በጠፋ ደረሰኝ ፍለጋ ያልቃሉ። ልጆቼ ሳይነሱ እወጣለሁ፣ ከተኙ በኋላ እገባለሁ። ሐምሌ ሲገባ ሥራው ረገብ ይላል። ያኔ ግን አዲስ አበባ ዝናብ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተጥደው ይውላሉ።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ጠየቅኩ። እኛ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይወስዱ ማጠራቀም እንደ ትጋት ይታያል። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ካልለቀቁ በቀር በገንዘብ መቀየርም አይቻልም። ገንዘቡን ተቀብሎ መሥራት ለጊዜው ያጓጓ ይሆናል፤ ልጅ ግን በዚያ መሀል ያድጋል።

የት እንሂድ ስንባባል እማዬ ቀድማ መለሰች። «የሐዋሳ ገብርኤል ስለት አለብኝ» አለች። የሐምሌ 19ኙን በዓል ማለቷ ነው። ሌላ ሐሳብ ያቀረበ የለም።

መንገድ ላይ ባለቤቴ እስከ ባቱ ድረስ በአዲሱ የክፍያ መንገድ መሄድ ፈልጎ ነበር።

«እማማ፣ ቶሎ እንገባለን፤ እርስዎም አይደክምዎትም» አላት።

«የመቂን ሽንኩርት ሳልይዝማ የሰው ቤት አልገባም፣ ልጄ» አለችው።

ስለዚህ ሞጆ ላይ ወደ አሮጌው መንገድ ወጣን። እኔም ደስ አለኝ። ፈጣኑ መንገድ ጊዜ ይቆጥባል፤ አሮጌው ግን ቆም ያደርጋል። ቆቃ ሐይቅ ዳር ልጆች ዓሣ አንጠልጥለው ቆመዋል። ወንዱ ልጄ ሐይቁን ማን እንደሠራው አባቱን ጠየቀ። አዋሽ ወንዝ እንደተገደበና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው በ1952 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረ አስረዳው። ሁለቱ እንደዚህ ረጅም ሰዓት ሲያወሩ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ቤት ውስጥ የምናወራው «የቤት ሥራህን ሠራህ?» እና «ብላ» ነው። መኪና ውስጥ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ወሬው ራሱ መጣ።

መቂ ላይ እማዬ ወርዳ ሽንኩርቱን አገላብጣ፣ ተከራክራ ገዛች። ከአዲስ አበባ ለብሰነው የወጣነውን ሹራብ እዚያ አወለቅን። ከከተማችን የ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ባቱ ሲደርሱ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ሰማዩ ይከፈታል፣ ግራሩ ይጀምራል። በክረምት ቤት ውስጥ ታሽገን ስንቀመጥ ይሄ ሁሉ ፀሐይ የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

ሻሸመኔ ላይ ዝናብ ያዘን። ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሐዋሳ ስንገባ አባርቶ ነበር።

ለሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ያረፍነው የባለቤቴ አክስት ቤት ነው። ፍራሹን ሳሎን ውስጥ አንጥፈው ልጆቹን ከእማዬ ጋር አስተኟቸው። ጎረቤታቸው የሲዳማ ሴት ናቸው፤ እንግዳ መጣ ሲባል ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ይዘው መጡ። ቅቤው ገና ትኩስ ነው። ትንሿ ልጄ ቤት ውስጥ ምግብ እንደምታስመርር የሚያውቅ ሰው እዚያ ምሽት ቢያያት አያምንም።

በበዓሉ ቀን ገና ሳይነጋ ወጣን። ከየአገሩ የመጣው አውቶቡስ መንገዱን ሞልቶታል፣ ነጠላው ነጭ አድርጎታል። መጠጋት ስላልቻልን ከአጥሩ ውጪ አንድ ዛፍ ሥር ቆምን። እማዬ አጠገብ አንዲት ወጣት ቆማ ነበር፤ ቆማ እያለች ዓይኗ ይከደናል። እማዬ ዝም ብላ አላለፈቻትም።

«አሞሻል እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ሳልተኛ ነው የመጣሁት።»

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። የመጣችው ከወላይታ ገጠር ነው። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከደሞዟ ላይ ለታናናሾቿ ደብተርና ዩኒፎርም ትልካለች። እኔ የፈቃድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ስለነበር ጠየቅኳት።

«ለጊፋታ አስቀምጬዋለሁ» አለች። «መስከረም ላይ ሁላችንም እናታችን ቤት እንሰበሰባለን።»

የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው ጊፋታ። ስታወራው እንቅልፏ ጠፋ። ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ሥጋውን እንደሚቆርጥ፣ እናቷ ቤቱን እንዴት እንደምታሰናዳ ነገረችን። እማዬ ከያዘችው ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና መርቃ ሸኘቻት። በዚያ ጉዞ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ እሷን ነው ደጋግሜ የማስባት። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበትን ምክንያት እንደ እሷ አጥርቶ የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም።

በማግሥቱ ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄድን። ሐዋሳ ሄዶ አሞራ ገደልን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያስቆጨኛል። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው ይገባሉ። ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ይገፉታል፤ እጃቸው ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። የሚጣለውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻማሉ። ቁመታቸው ትንሿን ልጄን ስለሚያክል አባቷ እግር ሥር ተሸጉጣ ነው ያየቻቸው። ባለቤቴ ጥሬውን በዳጣ በላ። እኔ የዓሣ ሾርባው ይበቃኛል አልኩ። ወንዱ ልጄ አባቱን አይቶ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ዳጣ ለለመደ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምንም አልሠራንም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥን፣ ቡና ጠጣን። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ስልኬ ጮኸ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው፣ የአንድ ፋይል ነገር። ባለቤቴ አየኝ። «ስመለስ አገኘዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ልጆቹ እማዬን መሀል አድርገው ስለ ልጅነቷ ያስወሯታል። ልብስ ስታጥብ ወንዝ ስለወሰደባት ቀሚስ ስትነግራቸው እኔም እያዳመጥኩ ነበር። ያንን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ግቢ ኖረን!

ስንመለስ ላንጋኖ ላይ ቆም ብለን ልጆቹ ዋኙ። ውሃው ቡናማ ነው፤ መልኩን አይተው መጀመሪያ ፈሩት፣ ኋላ ደግሞ የሚያወጣቸው ጠፋ።

እማዬ መኪና ውስጥ ስለቷን አደሰች፤ ታኅሣሥ 19 ደግሞ ልትመጣ ነው። ሥራ በገባሁበት ቀን የፈቃድ ቅጹን ሞልቼ ለሰው ሀብት ክፍል ሰጠሁ። ገና አምስት ወር አለ ቢሉኝም ተቀብለውኛል።