የቬንትሌተር ጥገና ልምምዴ፦ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ማለት ተውኩ

እንዴት ከረማችሁ? ድሬዳዋ ላይ ጥገና ለሚማር ሰው መለማመጃ አይጠፋም። ሙቀቱ ሲብስ ከከዚራ እስከ ሳቢያን የቆመ ቬንትሌተር ያለበት ቤት ሁሉ ሰው ፍለጋ ይወጣል። እኔም ከጣሪያ ቬንትሌተር ጀመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ሬጉሌተር (የፍጥነት መቆጣጠሪያው)፣ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው)፣ የሞተሩ የሽቦ ጥምጥም፣ ኩሽኔታ። በቃ።

ዛሬ የማካፍላችሁ ግን አስተሳሰቤ ላይ የመጣውን ለውጥ ነው። ድሮ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብዬ ነበር። ይሄ ጥያቄ ያስጨንቃል። መልሱ ስድስት ቦታ ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ስትነካካ ሌላው ያጠራጥርሃል፣ ባለቤቱ ደግሞ አናትህ ላይ ቆሞ «አቦ፣ ተቃጥሏል በለኝና ልገላገል!» ይልሃል። አሁን የምጠይቀው «እስከ የት ድረስ ይሠራል?» ብዬ ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ከሠሩ አንድ አባት ነው። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ስለሆነች እንዲህ ያለ አዋቂ ሰፈር ውስጥ አይታጣም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። የጎረቤታችን ቬንትሌተር ሲበራ ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም። «ጥምጥሙ ሄዷል» ተብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ቆይ እንጂ! ሬጉሌተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተነው ካጉረመረመ እኮ መብራቱ ሞተሩ ድረስ ደርሷል። ማብሪያውም መስመሩም በዚያች ድምፅ ብቻ ከጥርጣሬ ወጡ፤ ዋናው ጥምጥምም ያልተበጠሰ ይመስላል። ቀጥሎ ብሬከሩን አውርጄ ክንፉን በእጄ አዞርኩት። ያለ ችግር ዞረ፣ ስለዚህ ኩሽኔታውም ደህና ነው። ከዚያ መብራቱን መልሼ በረጅም ደረቅ እንጨት ገፋ አደረግኩት (በጣት እንዳትሞክሩት!)። መሽከርከር ጀመረ። አጥፍቼ፣ እስኪቆም ጠብቄ፣ በተቃራኒው ስገፋው ደግሞ በተቃራኒው ዞረ።

ይሄኛው ነገር በጣም ነው ያስደሰተኝ። ቤታችን የሚገባው መብራት ባለ አንድ ፌዝ (አንድ የኤሌክትሪክ ሞገድ ብቻ ያለው) ነው፤ እሱ ብቻውን፣ የቆመን ሞተር በየት በኩል ዙር ብሎ ማስነሳት አይችልም። ለዚህ ነው ሁለተኛ ጥምጥም ያለው፤ ካፓሲተሩ የዚያን ጥምጥም ከረንት ከዋናው ጋር እንዳይገጥም ጊዜውን ያዛንፈዋል፣ በዚያ ልዩነት ሞተሩ አቅጣጫ ይዞ ይነሳል። ወደገፋኸው የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛው ጥምጥም ድርሻውን አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዋና ተጠርጣሪ ቀረ፦ ካፓሲተሩ ወይም ራሱ ሁለተኛው ጥምጥም። ካፓሲተር በዕድሜና በሙቀት አቅሙ ይደክማል፣ ለመቀየርም ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ ጀመርኩ። ታይዋን ገበያ ወርጄ 2.5 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) ገዛሁ፤ ማይክሮፋራዱ ከድሮው ጋር እኩል፣ ቮልቱ ከድሮው ያላነሰ መሆን አለበት። ተነሳ!

ሌላው የያዝኩት ልማድ፣ ከመሞከሬ በፊት ግምቴን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። «ካፓሲተር ይመስለኛል፤ ከሆነ በተቃራኒውም ይዞራል» ብዬ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ውጤቱን ካየሁ በኋላ ጭንቅላቴ «ድሮም አውቀው ነበር» ይለኛል፣ ምንም ሳልማር አልፋለሁ። ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። አንዳንድ ባለሙያዎች ካፓሲተሩንም ሬጉሌተሩንም አንድ ላይ ቀይረው ይሄዳሉ። ደንበኛ ሲጠብቅ ይገባኛል። ለተማሪ ግን የትኛው እንዳዳነው ካላወቀ ምን ጥቅም አለው?

አሁን የያዘኝ አንድ ባለ እግር (ወለል ላይ የሚቀመጥ) ቬንትሌተር ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ቤቱ ሲመለስ ይቆማል። «እስከ የት ድረስ?» እዚህ ላይ ብዙም አልረዳኝም፣ ስለዚህ «መቼ ነው የሚሠራው?» ወደሚለው ዞሬያለሁ። ባለቤቱ በቆመ ቁጥር ሰዓቱን እየጻፈ ነው። እስካሁን የመዘገበው በሙሉ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቬንትሌተር በሚከፍትበት ሰዓት። የጻፍኩት ግምት፦ 220 መሆን የነበረበት ቮልት በዚያ ሰዓት ይወርዳል። ቴስተሬን ይዤ ከምሳ በኋላ ቤቱ ልሄድ ነው። ቮልቱ ካልወረደ ኩሽኔታው ላይ የደረቀ ዘይት መኖሩን አያለሁ።