7ቱን ሰርቪስ ወደ አንድ የሰበሰብኩት ለምንድነው?

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ሲስተም ስንሠራ የመረጥኩት ማይክሮሰርቪስ ነበር፤ ሲስተሙን ለየብቻ በሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች (ሰርቪሶች) መከፋፈል ማለት ነው። ወንበር ለብቻ፣ ክፍያ ለብቻ፣ ኤስኤምኤስ ለብቻ፣ በድምሩ 7። ሁሉም ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ፣ እያንዳንዱም ከነዳታቤዙ። እኛ ግን ሁለት ሰዎች ነን።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል አንድ አባት ከመናኸሪያ ደወሉልኝ። 14 ቁጥር ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ የሁለቱም ትኬት ትክክለኛ ነው። "ልጄ፣ ከፍዬ ቆሜ ልሂድ?" አሉኝ። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሎጉን (ሲስተሙ ሥራውን የሚመዘግብበትን) ሳገላብጥ፣ የወንበሩ ሰርቪስ የክፍያ መልስ ሲዘገይበት ወንበሩን ለቆ ለሌላ ሰው ሸጦታል። የመጀመሪያው ክፍያም ትንሽ ቆይቶ ገብቷል።

ጭነቱን የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በአዘቦት ቀን ቢበዛ በሰከንድ 5 ሪኩዌስት (ወደ ሲስተሙ የሚላክ ጥያቄ)። ሌሊት ጭር ይላል። የበዓል ሰሞን 60 ገደማ። ይህን አንድ ደህና ሰርቨር ይችለዋል! እኛ ግን ሥራ ፈተው ለሚያድሩ ማሽኖች በዶላር እንከፍላለን። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው ሂሳብ በጥቂት ወራት ውስጥ በብር እጥፍ ሆነብን።

ሁሉንም ወደ አንድ አፕሊኬሽንና አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አመጣሁት። ጉዞውና የወንበሩ ቁጥር ተጣምረው እንዳይደገሙ ዩኒክ ኮንስትሬይንት የሚባለውን የዳታቤዝ ገደብ አሰርኩበት። ክፍያ መመዝገብና ትኬት መቁረጥ በአንድ ትራንዛክሽን ያልቃሉ፤ ወይ ሁለቱም ይሳካሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ክፍያ ዘግይቶ ቢመጣ ሁለተኛውን ትኬት ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላል፤ ተሳፋሪው ሌላ ወንበር ይመርጣል ወይም ብሩ ይመለስለታል። ኤስኤምኤስ ብቻ በወረፋ ከጀርባ ይላካል። እሱ ቢዘገይ ገዢው ለምን ይጠብቃል?

ፋሲካ ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ገና 30 በመቶ ላይ እያለ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ፖስትግሬስ ሴቲንጉ ካልተነካ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን (አፕሊኬሽኑ ወደ ዳታቤዙ የሚከፍተው መስመር) ነው፤ ሞልተነዋል። የመጀመሪያ ሐሳቤ የአፕሊኬሽን ሰርቨር መጨመር ነበር። ጨምሬ ቢሆን ኮኔክሽኑን ይባስ አበዛው ነበር። ኮኔክሽን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር የተባለ ፕሮግራም በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መሃል አስገባንና ሪኩዌስቶቹ ጥቂት ኮኔክሽን እየተቀባበሉ መሥራት ጀመሩ። በዚያው ተፈታ።

ኩበርኔቲስን አልጠላሁትም፤ የኛ ሥራ አልጠየቀውም እንጂ። አሁን የአውቶቡሶቹን ጂፒኤስ ልንጨምር ነው። እሱን ግን ለብቻው አደርገዋለሁ። እያንዳንዱ መኪና በየ10 ሰከንዱ ቀን ከሌት መረጃ ይልካል፤ ጠባዩ ከትኬት ሽያጭ ጋር አይገናኝም።